ስለ መሰላል አሠራርና አጠባበቅ፤ ሰውም ከመሰላል እንዳይወድቅ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በባላገርም ሆነ በከተማ በየግቢው ከሚገኙት መሣሪያዎች መካከል እንደ መሰላል የተናቀ የለም። ማረሻው ሲዶለዱም ይሳላል፤ የመጥረቢያው እጀታ ሲሰበር ሌላ ይገባለታል፤ በሬው ሲከሳ ይቀለባል። መሰላል ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ፀሐይና ዝናም እየተፈራረቁበት በግድግዳ ጥግ ተጥሎ ይኖራል፤ ባለቤቱም የሚያስታውሰው ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት ብቻ ነው። በዚያም ዕለት ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሰዋል እንጂ ማን እንደ ሠራው፣ ስንት ክረምት እንዳለፈበት፣ የትኛው መርገጫ እንደ ላላ የሚጠይቅ አይገኝም። ሰው ወድቆ በተሰበረ ጊዜም «ዕድሉ ነው» ወይም «እግሩ ስቶ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ከመሰላል የሚወድቅ ሰው በአብዛኛው የሚወድቀው ከላይ ባደረገው ስሕተት ሳይሆን፣ ገና ሳይወጣ ከታች በምድር ላይ ሳይሠራ በቀረው ሥራ ነው። ዕንጨቱ ሳይደርቅ ተመትቷል፤ መርገጫው በምስማር ብቻ ተንጠልጥሏል፤ እግሩ በተዳፋት ላይ በድንጋይ ተደግፏል፤ ራሱም ሳይታሰር ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሰውየው የመጀመሪያውን መርገጫ ከመርገጡ በፊት የሚታይና የሚስተካከል ስለ ሆነ፣ አደጋው ሲደርስ የሚጠየቀው የወጣው ብቻ ሳይሆን «ውጣ» ያለውም መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩ ሕዝብን ለሥራ የሚያሰማሩትን የወረዳና የቀበሌ አስተዳዳሪዎችን፣ ባለይዞታዎችንም፣ ቤት የሚያሠሩትንም ሁሉ ይመለከታል።

ነገሩ ጥቂት እንዳይመስል የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያስታወቀውን መጥቀስ ይበቃል። በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 684,000 የሚያህሉ ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከነዚህም ከመቶው ሰማንያ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይታሰብ ከሚደርሱት ሟች ጉዳቶች መካከል ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው መውደቅ ነው። ይህ ቍጥር ከመሰላል የወደቀውንም፣ ከአልጋና ከደረጃ የወደቀውንም፣ በእግሩ ተደናቅፎ የወደቀውንም ባንድነት የያዘ ነው።

ነገሩን በጨው ዋጋ ከመናገር ይልቅ በአንድ ሥፍራ ይዞ ማየት ስለሚሻል የአዲስ አበባን ቀጨኔ እንውሰድ። ቀጨኔ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ጥንታዊ ሠፈር ነው። ሸክላ በሚሠሩ ሴቶችና በሸማኔዎች እጅ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ ጀበናውም ምጣዱም ከዚያ ወጥቶ በከተማው ገበያ ይሸጣል። ለመሰላል ነገር ምሳሌ እንዲሆን ያስመረጠን ግን የሸክላው ሙያ አይደለም፤ የሥፍራው ሁኔታ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ ብዙዎቹም የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ናቸው፤ ከነርሱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከሠፈሩም ራስጌ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ተዳፋት፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ፤ እነዚህ አራቱ በተገናኙበት ሥፍራ ሁሉ የሚነገረው አንድ ዓይነት ነውና፣ በጎንደርም ሆነ በደሴ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በፍቼ ያለ ሹም የራሱን ከተማ በቀጨኔ ሊያየው ይችላል።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማው ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ስላለቀ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት አድጎ የሚቈረጥ፣ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ ከተማው በሥፍራው ረጋ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አጠናውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም፣ የሕንፃ ሠራተኛ የሚቆምበትም ርብራብ ከዚሁ ዛፍ ይወጣል። መሰላሉም እንደዚሁ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ አጠናዎች ይመረጣሉ፤ ከቀጫጭኑ ዕንጨት ወይም ከሞራሌ ቍራጭ እየተቈረጠ በላያቸው ይጋደማል፤ በምስማር ይመታል፤ በግማሽ ቀንም ያልቃል። ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ከባድና እሺ ባይ ነው፤ ምስማርን በቀላሉ ይቀበላል፤ ስለዚህ አናጢው እርጥቡን መምታት ይወድዳል። ዕንጨቱ ከደረቀ በኋላ ግን ይሸበሸባል፤ በቁሙ ይሰነጠቃል፤ ጫፎቹም ይከፈታሉ። ይህ የዛፉ ጠባይ ነው፤ በግንዱ ውስጥ ካለው ውጥረት የተነሣ ከብዙዎቹ ዛፎች ይልቅ ባሕር ዛፍ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ዕንጨቱ ሲሸበሸብ በምስማሩ ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በምስማሩ ቀዳዳ በኩል ያልፋል። ከውጭ ሲታይ መሰላሉ እንደ ነበረ ነው፤ የምስማሩም ራስ በሥፍራው አለ። ነገር ግን ምስማሩ የያዘው ዕንጨት የለም።

ከዚህ የሚከፋው መርገጫው የሚቀመጥበት ሁኔታ ነው። በብዛት እንደሚታየው መርገጫው በቋሚዎቹ ፊት ላይ ተለጥፎ በያንዳንዱ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ምስማር ይመታበታል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚወጣው ሰው ክብደት፣ በትከሻው የተሸከመው ቆርቆሮም ክብደት ተጨምሮ፣ የሚያርፈው በዕንጨቱ ላይ ሳይሆን በምስማሩ ላይ ብቻ ነው። ምስማር ሁለት ነገሮችን አጣብቆ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ሰውን እንዲሸከም አልተሠራም። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ጥቂት ይጎብጣል፤ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ አንድ ቀን ይወጣል፤ በዛገም ጊዜ ይቈረጣል። ያ ቀን የትኛው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም።

መድኃኒቱ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አንድ መሮና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ብቻ የሚፈልግ ነው። መርገጫው በሚያርፍበት ሥፍራ በቋሚው ላይ መቀመጫ ይቀረጽለት፤ ጥልቀቱም ከቋሚው ውፍረት ሩቡን አይለፍ፤ ከዚህ ካለፈ ቋሚውን ራሱን ያደክመዋልና። መርገጫው በዚህ መቀመጫ ውስጥ በልኩ ሲገባ ክብደቱን የሚሸከመው ዕንጨት ሆኖ የምስማሩ ሥራ መርገጫው እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ይሆናል። በምስማሩም ላይ ጥቁር ሽቦ በመስቀለኛ ቢጠመጠም መልካም ነው። ከዚህም የሚበልጠው አሠራር ሁለቱን ቋሚዎች መሐል ለመሐል በስቶ ክብ መርገጫ ከዳር እስከ ዳር ማሳለፍና በሽብልቅ ማጥበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ የሠለጠነ አናጢ ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ግቢ ይገኛል ብለን አንጠብቅም። መቀመጫ መቅረጽ ግን መሮ የያዘ ሁሉ ይችላል።

ዕንጨቱን በተመለከተ፣ ለመሰላል የሚሆነው አጠና በበጋ ይቈረጥ፤ ልጡ ወዲያው ይላጥ፤ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት በመካከሉ ክፍተት እየተተወ ይደርደርና ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይድረቅ። በፀሐይ ላይ የተጣለ አጠና ፈጥኖ ይደርቃል፤ ፈጥኖም ይሰነጠቃል። የሁለቱም ቋሚዎች ወፍራም ጫፍ ወደ ታች ይሁን፤ አንዱ ተገልብጦ የተሠራ መሰላል በቆመ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘማል። በመርገጫና በመርገጫ መካከል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከታች እስከ ላይም እኩል ይሁን። ይህን እኩልነት ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን የሚወርድ ሰው መርገጫውን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በእግሩ ልማድ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው በአራት ጣት ቢበልጥ እግሩ ባዶ አየር ይረግጣል። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም፤ ቀለም ስንጥቁን ከዓይን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

መሰላሉ ካለቀ በኋላ፣ ወይም አሮጌው ለሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ የሚፈተንበት ቀላል መንገድ አለ። መሰላሉን በምድር ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎች አንድ አንድ ስንዝር ከፍታ ባላቸው ድንጋዮች ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያም አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዱን መርገጫ እየረገጠ ይሂድበት። የሚሰበረው ይሰበራል፤ የሚላላውም ይታወቃል፤ የወደቀውም ሰው የሚወድቀው ከስንዝር ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ መሰላል በምስማር ተጠግኖ መመለስ የለበትም።

አሁን ወደ አቋቋሙ እንለፍ። በቀጨኔ ዓይነት ሥፍራ ዋናው ጠላት ተዳፋቱ ነው። መሰላሉ በተዳፋት ላይ ሲቆም አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ሰውም በዚያ ሥር ድንጋይ፣ የጡብ ስባሪ ወይም የዕንጨት ቍራጭ ይወትፋል። ሰው በወጣ ቍጥር መሰላሉ ትንሽ ይንቀሳቀሳልና የተወተፈው ነገር ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ሰውየው ከላይ ቆርቆሮ ሲመታ ደግሞ እያንዳንዱ የመዶሻ ምት እስከ ታች ይደርሳል። ትክክለኛው ነገር ከፍ ያለውን ወገን በዶማ ቆፍሮ ለሁለቱም እግሮች ደልዳላ መቀመጫ ማበጀት ነው። አራት የዶማ ምት የሚፈጅ ሥራ ነው። የከፍታው ልዩነት ተቆፍሮ የማይስተካከል ከሆነ መሰላሉ በዚያ ሥፍራ አይቁም፤ ከሌላ ወገን ይወጣ።

ስለ አዘማመሙ፣ መሰላሉ አራት ክንድ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እግሩ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። በዚህ ልክ የቆመ መሰላል ከመሬት ጋር 75 ዲግሪ ያህል ይሠራል፤ የዓለም አገሮች የሥራ ደኅንነት መመሪያዎችም የተስማሙበት ልክ ይኸው ነው። ከዚህ ይልቅ ከቀረበ ሰውየው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀም እግሩ ይንሸራተታል፤ ዕንጨቱም መሐሉ ላይ ይጎብጣል። መለኪያ ለሌለው ሰው የሚሆን ብልሃት አለ፤ የእግሩን ጣቶች ከመሰላሉ እግር ጋር አስነክቶ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እጆቹንም በትከሻው ልክ ወደ ፊት ይዘርጋ። መዳፉ መርገጫውን በልኩ ከጨበጠ አቋቋሙ ትክክል ነው።

የጠበበ መተላለፊያ ባለበት ሠፈር ግን አንድ ክንድ እንኳ ለማራቅ ሥፍራ ይታጣል፤ ሰውም መሰላሉን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይወጣል። በቀጨኔ ከሚያጋጥመው ችግር ሁሉ ይህ መላ ለማግኘት የሚያስቸግር ነው። በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ከጎረቤት ግቢ በኩል በፈቃድ መውጣት፣ ወይም የመሰላሉን ራስ ከጣሪያው ወራጅ ጋር አጥብቆ ማሰር። ለማሰር የሚወጣውን የመጀመሪያውን ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ከታች ሆኖ እግሩን ይያዝለት። መያዝ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን የሚይዘው ሰው ይሰለቻል፤ መንገደኛ ሰላም ይለዋል፤ እጁንም ይለቅቃል። ገመድ አይሰለችም።

የመሰላሉ ራስ ከአሸንዳ ላይ ከቶ አይደገፍ፤ አሸንዳ ውኃ እንጂ ሰው አይሸከምም። ወደ ጣሪያ የሚወጣ መሰላልም ከጣሪያው ጠርዝ በላይ አንድ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ሰውየው ከመሰላል ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮም ወደ መሰላል በሚሻገርበት ጊዜ እጁ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ያች መሻገሪያ ደግሞ ከመንገዱ ሁሉ የከፋችው ናት።

የሚወጣውን ሰው በተመለከተ ብዙ አንናገርም፤ ነገሩ የታወቀ ነውና። ከአራቱ እጅና እግሩ ሦስቱ ዘወትር መሰላሉን ይያዙ። ይህም ማለት በእጁ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት አይችልም ማለት ነው፤ መዶሻውና ምስማሩ በወገቡ፣ ቆርቆሮው በገመድ ይውጣ። ፊቱ ወደ መሰላሉ ይሁን፤ የወገቡ ዘለበት ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይውጣ። «ትንሽ ልንጠራራ» ያለ ሰው ወርዶ መሰላሉን ማዛወር ስለ ሰለቸው ነው። ጭቃ የነካው ጫማና ነጠላ ጫማ ለመሰላል አይሆንም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀረበበት ሥፍራ የብረትም የአሉሚኒየምም መሰላል ፈጽሞ አይቁም፤ በዝናም የራሰም ዕንጨት ኤሌክትሪክን ያስተላልፋልና «የኔ የዕንጨት ነው» ብሎ መድፈር አይገባም።

ስለ ከፍታው ግን አንድ ነገር እንናገር፤ ብዙዎች «ዝቅተኛ ቤት ነው» እያሉ ይንቁታልና። ከሦስት ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላበትም፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ተወርውሮ እንደ መውደቅ ነው። ሦስት ሜትር ማለት ደግሞ የተራ የጭቃ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ነው። በቤት ውስጥም ቢሆን ከቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ በበርጩማ ላይ በርጩማ ደራርባ የምትወጣ እናት፣ ወይም አምፖል ለመቀየር በጠረጴዛ ላይ ወንበር የሚያቆም አባት፣ ዕድሜ ካደከመው አጥንት ጋር ሆነው የዳሌ ስብራት ለማግኘት ሁለት ሜትር ይበቃቸዋል። የዳሌ ስብራት ለሽማግሌ ሰው ከአልጋ እስከ ዘለቄታው ላለመነሣት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከጥንቃቄው ሁሉ የሚበልጠው ግን አለመውጣት ነው። የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው ከሚያስተምሩት ጋር ይህ ይገናኛል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች በከፋና በሸካ ንብ አርቢው ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር ለመቍረጥ በሌሊት ይወጣል፤ ጢስና ንብ ባለበት ጨለማ። የሽግግር ቀፎና የሣጥን ቀፎ በሰው ወገብ ልክ በቆመ መቀመጫ ላይ ስለሚቀመጡ የማሩ ብቻ ሳይሆን የአርቢው አጥንትም ጥቅም አላቸው፤ ይሁንና ቀፎውን ለማከፋፈል በሚደረገው ስብከት ይህ ሁለተኛው ጥቅም ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ማንጎና አቮካዶም በዛፍ ላይ በመውጣት ፋንታ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ከረጢትና ቢላዋ ከመሬት ሆኖ መልቀም ይቻላል፤ ፍሬውም ሳይፈርጥ ይወርዳል።

መውጣት ግድ በሆነበት ሥፍራ ደግሞ አባቶቻችን አንድ ብልሃት ያውቁ ነበር። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል የሆነውን ገደል የሚወጣው በጠፍር ነው። እንግዳው አንዱን ጠፍር በእጁ ይዞ ሲወጣ ሁለተኛው በወገቡ ይታሰርና ከላይ ያለው መነኩሴ ይስብለታል። መውጫው ሌላ፣ መጠበቂያው ሌላ። ዛሬ በታላላቅ ሕንፃ ሥራዎች ላይ የደኅንነት ቀበቶ እየተባለ የሚታዘዘው ነገር በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ለሚሠራ ሰውም ከጣሪያው ማዶ ባለ ጠንካራ ምሰሶ የታሰረ አንድ ገመድ በወገቡ ቢኖረው በሕይወትና በሞት መካከል ይቆምለታል።

እስካሁን የተናገርነው ለባለሙያና ለባለቤት ነው። ሹማምንትን የሚመለከተው ከዚህ ይቀጥላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ ስለሚደርስበት አደጋ እንዲያስተምረው፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጠውና አጠቃቀሙንም እንዲያሳየው፣ የደረሰውንም ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ተቈጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዛል። ጉዳቱ በሥራ ላይ ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በግለሰብ ቤት የሚፈጸም የግል አገልግሎት በዚህ አዋጅ አይገዛም፤ ጣሪያ ለመጠገን ከመንገድ ዳር ለአንድ ቀን የተጠራም ሰው ውል በጽሑፍ ስለሌለው በወደቀ ጊዜ ማን አሠሪው እንደ ሆነ ማስረዳት ይቸግረዋል። አሠሪው የሕክምናውን ጥቂት ከፍሎ ይሸኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሸክም የምትሸከመው ሚስቱ ናት።

ከዚህም ሌላ ከሹማምንት እጅ በቀጥታ የሚወጣ ነገር አለ። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያንና የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለሚያድር ሽማግሌ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ነገር ግን ጊዜውን እንመልከት። ወጣቶቹ በጣሪያ ላይ የሚወጡት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ቆርቆሮው የራሰ፣ መሬቱ የጨቀየ፣ ወራጁ በብዙ ዓመት ፍሳሽ የበሰበሰ፣ መሰላሉም ከየግቢው የተለቀመ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች እንጂ አናጢዎች አይደሉም። የጠራቸውም ሹሙ ነው። ስለዚህ የጣሪያው ሥራ በተቻለ መጠን ዝናም ከመግባቱ በፊት በግንቦት ይጀመር፤ የክረምቱ ጊዜ ለግድግዳ ምርጊት፣ ለወለልና ለቦይ ይዋል። በጣሪያ ላይ የሚወጣው ለሙያው የተለየ አናጢ ይሁን፤ ወጣቶቹ ዕቃ ያቀብሉ። ቀበሌው ወይም ወረዳው የራሱ የሆኑ፣ የተፈተኑ፣ ቍጥር የተጻፈባቸው ጥቂት መሰላሎችና ገመዶች ይኑሩት፤ አንድ ሰውም በስሙ ይረከባቸው። ለአንድ ወረዳ አምስት መልካም መሰላል የሚያስወጣው ገንዘብ ለምረቃው ቀን ከሚታተመው ባነር ዋጋ ይበልጣል ብለን አናምንም።

ሰው በወደቀ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ስሕተት በርኅራኄ ይሠራል። የተሰበሰበው ሁሉ ብብቱን ይዞ ያነሣዋል፤ ውኃ ያጠጣዋል፤ በታክሲ ወንበር ላይ አጥፎ ያስቀምጠዋል። የጀርባ ወይም የአንገት አጥንቱ ተጎድቶ ከሆነ ግን ያ ማንሣት እስከ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በወደቀበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያድርግ፤ የሚደማ ቍስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ምግብም መጠጥም አይሰጠው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ቢያስመልሰው ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ ባንድ መሥመር እንዳሉ ባንድነት ወደ ጎኑ ይዙር። አምቡላንስ በማይደርስበት አገር በሰፊ ጣውላ ወይም በተነቀለ በር ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቶ፣ ታስሮም ይጓዝ። ራሱን የመታ ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ቢነሣ እንኳ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተደናገረ ወይም ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለእንዲህ ያለው አደጋ የተቋቋመ ነው።

ስለ ወጌሻ መናገር ያስቸግራል፤ ሕዝቡ ያምናቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል እጃቸው የተባረከ አሉ። ቢሆንም የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጠብቆ በታሰረ ጊዜ ደም ወደ ጫፉ ሳይደርስ ቀርቶ ሥጋው ይሞታል፤ ስብራቱ የሚድን የነበረ ልጅም እጁ ተቈርጦ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች ይህን ደጋግመው አይተውታል። የታሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቈሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከልክ ካለፈ እስሩ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ወጌሻውን ለማስፈቀድ እስኪነጋ አይጠበቅ። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ከሆነ ወደ ወጌሻ ፈጽሞ አይወሰድ።

ሰውየው ከተሸኘ በኋላ አንድ የሚቀር ሥራ አለ። መሰላሉ ከወደቀበት ሳይነሣ የወረዳው ወይም የቀበሌው ሹም ሰው ልኮ ያስመርምር፤ የትኛው መርገጫ እንደ ተነቀለ፣ እግሩ በምን ላይ እንደ ቆመ፣ ራሱ ታስሮ እንደ ነበረ፣ የሰውየው ዕድሜና ያስወጣውም ሰው ማን እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ በመዝገብ ይቀመጥ። በጊዜ ብዛት ይህ መዝገብ ከኛ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል። መሰላሉ ግን ወደ ግድግዳው ጥግ አይመለስ፤ ነገ አንድ ሰው ሁለት ምስማር ጨምሮ ያውሰዋልና፣ በዚያው ቀን በመጥረቢያ ተፈልጦ ለማገዶ ይሁን።